ወድቆ የተገኘ ንብረትና የየቲም ሐቅ

  

ወደ ማኅበራችን መጥተው ገንዘብ ከሚሰጡን ወንድሞችና እህቶች መካከል ጥቂቶቹ ደረሰኝ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ነገር ይነግሩናል። ገንዘቡ የራሳቸው እንዳልሆነ፣ በጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በኮልፌ አጠና ተራ ወድቆ እንዳገኙት፣ ባለቤቱን ስለማያውቁት ለየቲሞች ቢውል የተሻለ መስሎ እንደታያቸው ይገልጹልናል። ኪሳቸው ከትተው ዝም ማለት ሲችሉ ይህን ማድረጋቸው አላህን መፍራታቸውን ያሳያል፤ አላህ መልካሙን ምንዳ ይክፈላቸው። ሆኖም ሰው ሰደቃ የሚሰጠው ከራሱ ንብረት ነው። ወድቆ የተገኘ ገንዘብ ደግሞ ከባለቤቱ እጅ ወጣ እንጂ ከባለቤትነቱ አልወጣም። ስለዚህ ያ ገንዘብ ወደ የቲሙ ማዕድ ከመድረሱ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ አለ። በዚህ እትም ትምህርታችንን በዚህ ጉዳይ ላይ አድርገነዋል። ነገሩ የዲን ብቻ ሳይሆን የአገር አስተዳደርም ጉዳይ በመሆኑ ሸሪዓው የሚለውንና የአገራችን ሕግ የሚለውን ጎን ለጎን እናያለን።

ሉቀጣህ ምን ማለት ነው?

በፊቅህ ኪታቦች ወድቆ የተገኘ ንብረት «ሉቀጣህ» ይባላል። ቃሉ «ከመሬት አነሳ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የወጣ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ለቂጥ» ሲሆን ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ማለት ነው። የኢማም ነወዊይን ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ሁለቱ ምዕራፎች ተከታትለው ነው የሚመጡት። በቅዱስ ቁርኣንም ይኸው ግሥ የሁለት ነቢያትን የልጅነት ታሪክ ለመንገር ገብቷል። አንዱ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከጉድጓድ ውስጥ በመንገደኞች የተነሱበት ነው፤ ሁለተኛው ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በፊርዐውን ቤተሰቦች ከውኃ የተነሱበት ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

የሉቀጣህ ሕግ መሠረቱ ዘይድ ኢብን ኻሊድ አል-ጁሀኒይ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወድቆ ስለተገኘ ንብረት ጠየቃቸው። እርሳቸውም ንብረቱ የተያዘበትን ከረጢትና የታሰረበትን ገመድ ለይቶ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት እንዲያሳውቅ፣ ባለቤቱ ከመጣ እንዲሰጠው፣ ካልመጣ ግን ሊጠቀምበት እንደሚችል ነገሩት። ሰውየው ስለጠፋ በግ ሲጠይቅ፣ በጉ የእርሱ ወይም የወንድሙ አለዚያም የተኩላ ሲሳይ መሆኑን አመለከቱት፤ ማለትም እንዲያነሳው ፈቀዱለት። ስለ ግመል ሲጠይቅ ግን ተቆጡ። ግመል ውኃውን በሆዱ የያዘ፣ ለመንገድ የሚበቃ እግር ያለውና ከዛፍ የሚበላ እንስሳ ስለሆነ ባለቤቱ እስኪያገኘው ድረስ እንዲተወው አዘዙት።

በጉንና ግመሉን የለያቸው ዋጋቸው ሳይሆን ንብረቱ ለጥፋት የተጋለጠ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው። ማንሳት የሚፈቀደው ለባለቤቱ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህም ዑለማእ አንሺውን በመጀመሪያው ዓመት «አሚን» ማለትም የአደራ ጠባቂ ይሉታል። ለራሱ ሊያደርገው አስቦ ያነሳ ሰው ግን በሰው ንብረት ላይ እጁን እንደዘረጋ ይቆጠራል፤ ዕቃው ያለጥፋቱ ቢበላሽም እንኳ ተጠያቂ ነው።

ከረጢቱንና ገመዱን ለይቶ ማወቅ የታዘዘበትን ምክንያት ዛሬም ልናጤነው ይገባል። እነዚህ ምልክቶች የባለቤቱ ማስረጃዎች ናቸው። አግኚው ስልክ ማግኘቱን ያሳውቃል እንጂ የስልኩን ዓይነት፣ የሽፋኑን ቀለምና የተሰነጠቀበትን ቦታ አይናገርም። ቦርሳ ማግኘቱን ይገልጻል፤ በውስጡ ስንት ብር እንዳለ ግን ለራሱ ይይዛል። ይህን ጠንቅቆ የነገረ ሰው ሲመጣ ይሰጠዋል። ሁሉን ዘርዝሮ በግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ግን ለመጀመሪያው ሐሰተኛ በሩን ከፍቶለታል።

ደግሞም ዒያድ ኢብን ሒማር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ አግኚው አንድ ወይም ሁለት ታማኝ ሰዎችን እንዲያስመሰክርና ነገሩን እንዳይደብቅ ታዟል። ምስክር የሚያስፈልገው አግኚው ይከዳል ተብሎ ብቻ አይደለም። ሰው ሟች ነው፤ አግኚው ድንገት ቢሞት ወራሾቹ የእርሱ መስሏቸው ይከፋፈሉታል። አላህ በሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲሞች ገንዘብ ሲመለስላቸው ምስክር እንዲቆም ማዘዙን ስናስታውስ ሁለቱ ሕግጋት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸው ይገለጥልናል።

ከኸሊፋዎች እስከ ወረዳ

ሉቀጣህ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ኪታባቸው እንደዘገቡት በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የጠፉ ግመሎች ማንም ሳይነካቸው በነፃነት እየዞሩ ይራቡ ነበር። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ግን ኸሊፋው ግመሎቹ እንዲለዩና እንዲነገርባቸው፣ ከዚያም እንዲሸጡና ዋጋቸው ለባለቤቱ እንዲቀመጥ አዘዙ። ባለቤቱ ሲመጣ ዋጋው ይሰጠዋል። ዑለማእ የዚህን ለውጥ ምክንያት ሲያብራሩ የሰው ባሕርይ እየተለወጠ መሄዱን ይጠቅሳሉ። ሰው ታማኝ በሆነበት ዘመን ንብረቱን መተው ይጠብቀዋል፤ አማና በላላበት ዘመን ግን መንግሥት ካልያዘው ሌባ ይይዘዋል። ዐሊ (ረ.ዐ) ደግሞ ለጠፉ እንስሳት ማደሪያ ሠርተው ከበይተል ማል ይቀልቧቸው እንደነበር ተዘግቧል። የዛሬ ከተሞች የጠፉ ዕቃዎች ማከማቻ ብለው የሚጠሩትን ሥራ ቀደምቶቻችን ከ1300 ዓመታት በፊት ጀምረውት ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም የጠፋ ነገር በገበያ ቀን ይነገር እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ከዚሁ ጎን ለጎን «ሌባ ሻይ» የሚባል ክፉ ልማድ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ በደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይከሰሳል። አንድ ልጅ ባልፈቀደው ነገር ሰክሮ የንጹሕ ሰው ቤት የፈረሰበት ጊዜ ስንት ይሆን! ሌባ ሻይ በሕግ ተከልክሎ ቀርቷል። ነገር ግን ዕቃ ሲጠፋበት ወደ ጠንቋይ የሚሄድ ሙስሊም ዛሬም አለና ለእርሱም ሆነ ለእኛ አላህ ሂዳያ ይስጠን።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ ጠፍተው ስለተገኙ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ይደነግጋል። ወድቆ የተገኘ ዕቃ ያነሳ ሰው የአስተዳደር ደንቦች በሚያዙት መሠረት ማስታወቅ አለበት፤ ዕቃው የሚበላሽ ወይም ለጥበቃው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ከሆነ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋጋው የዕቃውን ቦታ ይተካል። የዑስማንን (ረ.ዐ) ግመሎች ላሰበ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የወንጀል ሕጋችንም (1996 ዓ.ም.) በአጋጣሚ ወይም በስሕተት እጁ የገባን የሌላ ሰው ንብረት የራሱ ያደረገን ሰው ይቀጣል። «አልሰረቅሁም፤ አገኘሁት» ማለት በቂ መከላከያ አይደለም።

ልብ እንበል፤ ሕጉ ዋናውን ሸክም የጣለው በአስተዳደር ደንብ ላይ ነው። አዋጅ ከላይ ቢወጣም የጠፋ ቦርሳ የሚመጣው ወደ ወረዳውና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪው የሚያደርገው የታወቀ ነው። የሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የመኪና ሊብሬ ያገኘ ወደ አቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ይወስዳል። የጠፋበትም ሰው ምትክ ለማውጣት በቅድሚያ ወደ ፖሊስ ሄዶ ያመለክታል። የቤት ካርታ ሲጠፋ ደግሞ የክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ምትክ ከመስጠቱ በፊት ተቃዋሚ ካለ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲቀርብ በጋዜጣ ያስነግራል። በአዲስ ዘመን የኋላ ገጾች እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ያላነበበ የለም። ይህ በፊቅህ «ተዕሪፍ» ከምንለው ከማሳወቅ ግዴታ ጋር አንድ ነው፤ መንግሥትም ቢሆን ሳያሳውቅ የሰውን ሐቅ ለሌላ አያስተላልፍም።

ሰነድ ስም ስላለው ባለቤቱን ማግኘት አይከብድም። ችግሩ ስም በሌለው ነገር ላይ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ በማዳበሪያ የታሰረ ሸቀጥ። አግኚዎች ለፖሊስ ባስረክብ ለባለቤቱ መድረሱን በምን አውቃለሁ ብለው ይጠይቁናል። መልሳችን ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን የሚል ነው። የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ የአስረካቢውና የተረካቢው ስምና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት አንዱ ቅጂ በአግኚው እጅ ይቅር። ይህ ወረቀት ከዒያድ ሐዲስ ምስክሮች የሚቆጠር ነው። በእኛ አስተያየት እያንዳንዱ ወረዳ የጠፉና የተገኙ ዕቃዎች አንድ መዝገብ ከፍቶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በየወሩ ቢያሳውቅ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደያዘው ብናይ የጃፓን ልማድ ይጠቀሳል። በዚያ አገር ወድቆ የተገኘ ነገር ለሰፈር ፖሊስ ይሰጣል። ባለቤቱ ከመጣ ለአግኚው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይከፍላል፤ በ3 ወር ውስጥ ካልመጣ አግኚው ሊወስደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ታላቁ የባሕር ማዕበል የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻቸውን ሲጠርግ ሰዎች ከፍርስራሽ ውስጥ ያገኟቸውን ከ5 ሺህ በላይ የገንዘብ ካዝናዎች ለፖሊስ አስረከቡ፤ በውስጣቸው የነበረው ገንዘብም በአብዛኛው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች የዘይድን ሐዲስ የሰሙ አይደሉም። እኛ የሰማነው ግን ምን እያደረግን ነው?

በሐረም የወደቀ ነገር ደግሞ የተለየ ሕግ አለው። በመካ ወድቆ የተገኘን ንብረት ለማሳወቅ ካልሆነ በስተቀር ማንሳት እንደማይፈቀድ በሐዲስ ተነግሯል። ሐጅና ዑምራ የምትሄዱ ወገኖች ያገኛችሁትን በሐረሙ ለጠፉ ዕቃዎች ለተመደቡት ሠራተኞች አስረክቡ እንጂ ለኮልፌ የቲሞች ብላችሁ ይዛችሁ አትምጡ።

የት እናሳውቅ?

በየመስጊዳችን ከጁሙዐ ሰላት በኋላ በድምፅ ማጉያ «ቁልፍ የጠፋበት» ወይም «ስልክ ያገኘ» ሲባል መስማት የተለመደ ሆኗል። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በመስጊድ ውስጥ የጠፋበትን ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚፈልግን ሰው የሰማ ሁሉ አላህ እንዳይመልስለት እንዲናገረው ተመክሯል፤ መስጊዶች ለዚህ አልተሠሩምና። ስለዚህ ፉቀሃእ ማሳወቂያው በመስጊድ በሮች፣ በገበያዎችና ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች እንዲሆን ተናግረዋል። ሰጋጁ ሲወጣ በደጃፉ ላይ መናገር፣ በግቢው ውጭ ባለ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ስለ አጠና ተራው ዕቃ በአጠና ተራ፣ በታክሲ ስለተገኘው ለተራ አስከባሪዎችና ለማኅበሩ ማሳወቅ ይገባል፤ ሰው የጠፋበትን የሚፈልገው በጠፋበት ቦታ ነውና። ሰነድ ሲሆን ዛሬ በስልክ መልእክት በአንድ ቀን ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፤ ይህም ከተዕሪፍ ይቆጠራል።

ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ መጮኽ አይጠበቅም። የሻፊዒያ ኪታቦች በመጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያም በየወሩ ይበቃል ይላሉ። ባለቤቱ የማይፈልገው ኢምንት ነገርም ዓመት አይጠይቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመንገድ ላይ አንዲት ተምር አይተው የሰደቃ እንዳትሆን ባይሰጉ ኖሮ ይበሏት እንደነበር መናገራቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) 100 ዲናር የያዘ ከረጢት አግኝተው ሦስት ዓመት አሳውቀዋል። ነገሩ ከንብረቱ ክብደት ጋር ይሄዳል።

ዓመቱ ሲያልፍ

የለጋሾቻችን ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በኢማም ሻፊዒይ መዝሀብ ዓመቱን አሳውቆ ባለቤቱን ያላገኘ ሰው ሀብታምም ይሁን ድሃ ንብረቱን የራሱ ማድረግ ይችላል፤ ባለቤቱ በኋላ ከመጣ ግን ዕቃውን ወይም ዋጋውን ይመልሳል። በኢማም አቡ ሐኒፋ መዝሀብ አግኚው ድሃ ከሆነ ይጠቀምበታል፤ ሀብታም ከሆነ ግን ለድሆች ሰደቃ ያደርገዋል። ባለቤቱ በኋላ ከመጣ ምርጫው የእርሱ ነው፤ ሰደቃውን አጽድቆ ምንዳውን መውሰድ ወይም አግኚውን ዋጋ ማስከፈል ይችላል። በወሎ የሐነፊያ፣ በሐረርና በምሥራቁ የሻፊዒያ መዝሀብ ሰፍቶ ይገኛል፤ ኮልፌ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሙስሊም የሚኖርባት ናትና ሁለቱንም የሚከተል አለ። በሁለቱም መንገድ ንብረቱ ለየቲም ሊደርስ ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ግን ከማሳወቅ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ በሁለቱም መንገድ የባለቤቱ ሐቅ በአግኚው ትከሻ ላይ እንዳለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የአገራችን ሕግና ሸሪዓው ይለያያሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1192 መሠረት ዕቃው ያለበትን ስፍራ ባለማወቁ ወይም ባለቤት መሆኑን ባለማወቁ ምክንያት ለ10 ዓመት መብቱን ያልሠራበት ሰው ባለቤትነቱን ያጣል። ሕግ አውጪው ንብረት ለዘለዓለም ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ማሰቡ ይገባናል። በአላህ ዘንድ ግን የሰው ሐቅ በይርጋ አይሻርም።

ከዚህ የተነሳ ማኅበራችን ወድቆ የተገኘ ገንዘብን ከሌላው ሰደቃ ጋር አይቀላቅልም። አግኚው መቼና የት እንዳገኘው፣ ለማን እንዳሳወቀ ይጠየቃል። ዓመቱ ካልሞላ ገንዘቡን እርሱ ራሱ ወይም ፖሊስ እንዲይዘው እንመክራለን። ከሞላ ደግሞ በተለየ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይቀበላል፤ አግኚውም ባለቤቱ ቢመጣ ዋጋውን የመመለስ ኃላፊነት እንዳለበት ይነገረዋል። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል። የቲሙ ዛሬ እየራበው ዓመት መጠበቅ ምን ይባላል ይላሉ። ረሃቡ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የወደቀ ገንዘብ ማን እንደጣለው እናውቃለንን? ምናልባት ባሏ የሞተባት እናት ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዛ ስትሄድ ከነጠላዋ ጫፍ ተፈትቶ የወደቀ ይሆናል። ከአንዱ የቲም ወስደን ለሌላው የቲም ብንሰጥ ምን ሠራን?

ሉቀጣህ ያልሆኑ ነገሮች

ባለቤቱ ወዶ የጣለው ነገር ሉቀጣህ አይደለም፤ ያነሳው ሰው የራሱ ይሆናል። በክፍለ ከተማችን ረጲ በሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ማከማቻ ለብዙ ዓመታት ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ በመሸጥ የኖሩ ወገኖች ሥራቸው ሐላል ነው፤ ማንም ሊንቃቸው አይገባም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችም ተርፈዋል። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው። ሆኖም በቆሻሻ መካከል የወርቅ ቀለበት ቢገኝ ባለቤቱ ወዶ እንዳልጣለው ግልጽ ነውና ወደ ሉቀጣህ ሕግ ይመለሳል። ለማኅበራችን ከምትሰጡት አሮጌ ልብስ ኪስ ውስጥም ብር፣ ደረሰኝና መታወቂያ ይገኛል። ልብሱን ሰጣችሁን እንጂ በኪሱ ያለውን አልሰጣችሁንም፤ እባካችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ኪሱን ፈትሹ።

በስሕተት እጅ የገባ ገንዘብም ሉቀጣህ አይባልም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ባጋጠመው እክል ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ መጠኑም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ባንኩ አስታውቋል። አብዛኛው ተመልሷል፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ባንኩ ይፋ አድርጓል። ባለቤቱ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ ማሳወቅም ዓመት መጠበቅም የለም፤ ወዲያውኑ መመለስ ነው። በቴሌብር በስሕተት የተላከ 200 ብርም እንደዚሁ ነው፤ ላኪው እስኪደውል አይጠበቅም።

ሕፃን ልጅ ያገኘው

በሻፊዒያ መዝሀብ ሕፃን ልጅ ወድቆ ያገኘውን ነገር አሳዳጊው ከልጁ እጅ ተቀብሎ ይጠብቃል፤ ያሳውቃል። አሳዳጊው ዝም ብሎ ትቶት በልጁ እጅ ቢጠፋ ተጠያቂው አሳዳጊው ነው። ልጁ «አገኘሁ» ብሎ ሲመጣ የቤቱ የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሚሆን እናቶችና አሳዳጊዎች አስቡበት። «ስንት ነው?» ከሆነ ልጁ አንድ ትምህርት ተማረ፤ «የት ነው ያገኘኸው?» ከሆነ ሌላ ትምህርት ተማረ። የቲሙ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ ድህነቱ የሰውን ሐቅ ሐላል አያደርግለትም። ይህን ለእርሱ ማስተማር ማክበር እንጂ ጭካኔ አይደለም።

የቲሙ ራሱ ባለቤት ሲሆን

እስካሁን የቲሙን እንደ ተቀባይ አየነው። እንደ ማኅበራችን ልምድ ግን ባለቤት አጥቶ ከተቀመጠ ንብረት ብዙው የየቲሞች ነው። አባት ድንገት ይሞታል። በመርካቶ ለደንበኛው በዱቤ የሰጠው ሸቀጥ አለ። በዕቁብ ወራት ሙሉ ጥሎ ገና ያልደረሰው ዕጣ አለ። በጓደኛው ዘንድ በቃል ብቻ ያስቀመጠው አማና አለ። በባንክና በስልኩ ውስጥ ሚስቱ የማታውቀው ሒሳብ አለ። ባለቤቱ በመቃብር ነው፤ ወራሹ ፊደል ያልለየ ልጅ ነው፤ ጠያቂ የለም። ከላይ የጠቀስነው አንቀጽ 1192 ባለቤትነቱን ባለማወቁ መብቱን ያልሠራበትን ሰው ሲል የእነዚህን ልጆች ዕጣ ያሳስበናል። አላህ በሱረቱ ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚከትቱ አስጠንቅቋል። ዝም ብሎ ማስቀመጥና ሳይጠይቁኝ ምን አገባኝ ማለትም ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከሐዘኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቤተሰቡ ማድረግ ያለበትን እንንገር። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞት በወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። የልደት ምዝገባ የሌላቸው ልጆች ካሉም በዚሁ ይጠየቅ፤ የልደት ማስረጃ የሌለው ልጅ የአባቱ ልጅ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ከዚያ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎች ፈቃዳቸውን ሲሰጡ የውርስ፣ የኑዛዜ፣ የወቅፍና የሞግዚትነት ጉዳዮችን ያያሉ። ማስረጃው ሲያዝ ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ አባት ደመወዝተኛ ከነበረም የጡረታው መሥሪያ ቤት ይጠየቃሉ። ያለ ማስረጃ የሄደች እናት በር ላይ ትመለሳለች፤ ሁለተኛ ለመሄድ የታክሲ የላትም፤ ነገሩ እንደዚያው ይረሳል። ብዙ ሐቅ የሚጠፋው በክፋት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ወራሽ ጨርሶ የሌለው ሰው ንብረት በፊቅህ ወደ በይተል ማል ይገባል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 852 ወደ መንግሥት ይሄዳል። ተጥሎ የተገኘ ሕፃንም ቢሆን ባለቤት አልባ አይደለም። አብሮት የተገኘ ልብስና ገንዘብ የእርሱ ነው። አቡ ጀሚላ የተባለው ሰው የጣሉትን ሕፃን አንስቶ ወደ ዑመር (ረ.ዐ) ባመጣ ጊዜ ኸሊፋው ልጁ ነፃ መሆኑን፣ ቀለቡም በእርሳቸው ማለትም በበይተል ማል ላይ መሆኑን ነገሩት፤ ማሳደጉን ግን ለአቡ ጀሚላ ተዉለት። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕፃን ያገኘ ወደ ፖሊስ ይወስደዋል፤ በከተማችን እንደ ክበበ ፀሐይ ያሉ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ይቀበሉታል። ከልጁ ጋር የተገኘ ጨርቅ፣ ክታብ ወይም ወረቀት ካለ አብሮ ይሰጥ፤ አንድ ቀን ወላጆቹን የሚያገኝበት ምልክት ያ ሊሆን ይችላልና።

በእጃችሁ የሟች ሰው አማና፣ ያልተከፈለ ዱቤ ወይም የዕቁብ ገንዘብ ያለ የዕቁብ ዳኞች፣ የዕድር ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች ሁለት ምስክሮች ይዛችሁ ወደ ልጆቹ ሞግዚት ሂዱ። ሞግዚቱን የማታውቁ ከሆነ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ኑ፤ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ጊዜና የሰፈሩን ስም ብቻ ብትነግሩን ከመዝገባችን ጋር አስተያይተን ቤተሰቡን እንፈልጋለን። ገንዘቡን እኛ አንቀበልም፤ እናንተው በምስክር ፊት ለሞግዚቱ ታስረክባላችሁ፤ የርክክቡን ወረቀት እኛ እናዘጋጃለን።

ወላሁ አዕለም።